አርሲ ከዋግ የተማረው

ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ በይፋ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በወሩ መጨረሻ ኦሮሚያን ጨምሮ አንዳንድ ክልሎች አገር አቋራጭ የሕዝብ ማመላለሻን አገዱ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። በአዲስ አበባ ጭንቀቱ የሳሙና፣ የአፍ መሸፈኛና የሆስፒታል አልጋ ነበር። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ በተቀመጠችው በአሰላ ዙሪያ ያለው ገበሬ ግን በዚህ ላይ የሚደረብ ሌላ ጭንቀት ነበረበት። በአርሲ ደጋ የመኸር ስንዴና ገብስ የሚዘራው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ነው። በሽታው መግባቱ ከተነገረበት ቀን እስከዚያ የቀሩት ሦስት ወራት ብቻ ነበሩ። በነዚህ ወራት መሬቱ ሦስት አራት ጊዜ መታረስ አለበት። ማዳበሪያው ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ እስከ ኢተያና በቆጂ፣ ከኅብረት ሥራ ዩኒየኑ መጋዘን ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ፣ ከዚያም በአህያ ጀርባ ወደ ገበሬው ግቢ መድረስ አለበት። ዘሩ መበጠር፣ መለየት፣ ካልበቃም መገዛት ወይም ከጎረቤት መለወጥ አለበት።

ሐኪም ወረርሽኙን በሰኔም ይታገለዋል፣ በጥቅምትም ይታገለዋል። ገበሬ ግን ሐምሌ ካለፈበት ዓመቱ አለፈበት። በነሐሴ የደረሰ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ነው፤ ለዚያ ዓመት ስንዴ ግን ምንም አያደርግለትም።

ስለ ወረርሽኝና ስለ ገበሬ ሲነሳ አስቀድመን የምንጠይቀው ስንት ኩንታል እህል ይታደል ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተራበ ይብላ። የአርሲ ታሪክ ግን ከዚህ እኩል የሚያስጨንቅ ሌላ ጥያቄ ያነሳል፦ የሚቀጥለው ማሳ በየትኛው በሬ ይታረስ፣ በማን እጅ፣ በየትኛው ዘር ይዘራ? ይህን ለመመለስ የሰውን በሽታ ብቻ ማየት አይበቃም። አርሲ በከብትም በስንዴም ወረርሽኝ የተፈተነ አገር ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ያስተማረውም የስንዴው ይመስለኛል።

የከብቱን በአጭሩ ላንሳ። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ የጣሊያን ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱን ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል ፈጀ ተብሎ ይገመታል። ቀጥሎ የመጣው ዘመን ክፉ ቀን ተብሎ ቀረ። በዚያ ዘመን ሰው የሞተው ዝናብ ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ ድርቁም አንበጣውም ተባዩም ነበር፤ መሬትና ዝናብ ባለበት ስፍራ ግን የሚያርስ በሬ አልነበረም። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑ ይተረካል። በዚያ ጊዜ በዋናነት ከብት አርቢ ለነበረው የአርሲ ሕዝብ ደግሞ ከብት ማለት ምግብም፣ ሀብትም፣ ክብርም ስለነበር ጥፋቱ በእጥፍ ደረሰበት። በሽታው ከብቱን ገደለ፤ ሰዉን የገደለው ግን ከበሽታው በኋላ የመጣው ያልታረሰ መሬት ነው። ጎተራ ውስጥ የቀረው ሲበላ መጨረሻ ላይ የሚበላው ዘር ነው፤ ዘር ከተበላ ዝናቡ ቢመለስም ረሃቡ ሌላ ዓመት ይቀጥላል። ይኸው በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በዓለም ደረጃ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ሆኗል።

ከክፉ ቀን ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ አሰላ ከተማ ላይ ገበሬን መደገፍ በአገሪቱ ባልታየ መጠን ተሞከረ። የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በፈረንጆች 1967 ተስማምተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን አቋቋሙ፤ ሰው ሁሉ በአጭሩ «ካዱ» ይለዋል። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ቤንግት ኔክቢ የሚባሉ ስዊድናዊ ነበሩ። ካዱ ምርጥ ዘር አባዛ፣ ማዳበሪያ በዱቤ ሰጠ፣ መንገድ ጠረገ፣ የተሻሻሉ የበሬ ማረሻዎችን ሞከረ፣ የተዳቀሉ ጊደሮችን አከፋፈለ። ከአሰላ በስተሰሜን ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው ቁሉምሳ የዘርና የምርምር ቦታው ሆነ። ዛሬ አርሲ የአገሪቱ የስንዴ ጎተራ ሲባል መሠረቱ ያኔ የተጣለ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ካዱ አንድ ከባድ ጉድለትም ነበረበት፤ ለዛሬም ትምህርት ስለሆነ ማለፍ አልፈልግም። ዘሩና ማዳበሪያው ስንዴን አትራፊ ሲያደርገው ባለርስቱ ትራክተር አስገባ፤ ትራክተር ሲገባ ጭሰኛው ከመሬቱ ተፈናቀለ። ድርጅቱ የቆመው ለትንሹ ገበሬ ነበር፤ ከመጀመሪያው ፍሬ ግን ብዙውን የበላው ትልቁ ነው። ካዱ ይህን ሲያይ ዱቤውን አነስተኛ መሬት ላላቸው ለመወሰን ሞክሯል፤ የመሬቱ ጥያቄ ራሱ ግን እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ አልተፈታም። በችግር ጊዜ እርዳታ ሲላክ «ለገበሬው» ማለት አይበቃም። ለየትኛው ገበሬ፣ በማን መሬት ላይ ለሚያርሰው ተብሎ ካልተጠየቀ፣ እርዳታው መንገዱን ይዞ ወደ ጠንካራው ቤት ይሄዳል።

አሁን ወደ ስንዴው ወረርሽኝ፣ ወደ ዋጉ ልምጣ።

በ1987 ዓ.ም. ኩብሳና ገለማ የሚባሉ ሁለት የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች ተለቀቁ። ኩብሳ ሜክሲኮ ካለው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል ከሲሚት የመጣ ሲሆን በሕንድ ሰፊ መሬት ከሸፈነ አንድ ታዋቂ ዝርያ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። ምርቱ ጥሩ፣ ፍሬው ነጭ፣ ገበያው ደህና ስለነበር ገበሬው ወደደው። በወይና ደጋው ኩብሳ፣ ከፍ ባለው ደጋ ገለማ ማሳውን ሞሉት። አንድ ዝርያ ሲሳካ ሌላው ከማሳ ይጠፋል፤ ማንም አላዘዘም፣ ማንም አላስገደደም፤ እያንዳንዱ ገበሬ ለቤቱ የሚሻለውን መረጠ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ግን ከኢተያ እስከ በቆጂ ያለው አረንጓዴ ማሳ ለአንድ ጠላት አንድ በር ሆኖ ቆመ።

በ2002 ዓ.ም. ክረምቱ ረዘመ፣ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሆነ። ቢጫ ዋግ የሚወደው ይህንኑ ነው። ዋግ በዓይን የማይታይ ፈንገስ ሲሆን ዘሩ ዱቄት ሆኖ በነፋስ ከማሳ ማሳ፣ ከአገር አገር ይጓዛል። በባሌና በአንዳንድ የአርሲ ቦታዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚዘራ ከበልጉ ስንዴ ወደ መኸሩ መሻገሪያ ያገኛል። ቅጠሉ ላይ ቢጫ መስመር ሆኖ ይጀምርና ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማሳውን ያለብሰዋል። በመሃል ያለፈ ሰው ሱሪው ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ፈንገሱ ቅጠሉ የሚሠራውን ምግብ ስለሚወስድ ዛላው ላይ የሚቀረው ፍሬ የኮሰመነ፣ ገለባ ብቻ የሚመስል ይሆናል። ያ ዓመት የእኛ ብቻ አልነበረም። በሶሪያና በቱርክም ይኸው በሽታ ከኩብሳ ጋር ዝምድና ያላቸውን ዝርያዎች መታ። ለስንዴ ያ ዓመት ወረርሽኝ በሙሉ ትርጉሙ ነበር።

በኢትዮጵያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሔክታር ተጠቃ። ርብርቡ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት ነበር፤ መንግሥትም ነጋዴም በጥድፊያ አስገቡ። መድኃኒቱ ዋጋው ናረ፣ ሲፈለግ ጠፋ፣ የጀርባ መርጫ ያለው ሰውም ጥቂት ነበር። ስንዴን ረጭቶ ማዳን የሚቻለው ከዛላው በታች ያለው የመጨረሻው ቅጠል ሳይያዝ ነው። ያ ቅጠል ቢጫ ከሆነ በኋላ መርጨት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ብዙ ገበሬ ግን መድኃኒቱን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘብ ያለው ቀድሞ ገዝቶ አዳነ፤ የሌለው የመንግሥቱን ሲጠብቅ ማሳው አለቀበት። የካዱ ዘመን ችግር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በሁለቱም ጊዜ እርዳታው ነበረ። በ2002 ዓ.ም. ግን ድሃውን ደጅ ላይ ያስቀረው የመሬት ባለቤትነት ሳይሆን የመድረሻው ሰዓት ነው።

በዚያ ዓመት የታደጉት ከበሽታው በፊት የተሠሩ ነገሮች ናቸው። ዲገሉ የሚባለው ዝርያ በ1997 ዓ.ም. ተለቆ ብዙም ሰው ሳይዘራው ቆይቶ ነበር፤ በቢጫ ዋግ ማሳዎች መካከል እሱ አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ካካባና ዳንዳአ የሚባሉት ደግሞ በዚያው በ2002 ዓ.ም. ገና መለቀቃቸው ነበር። እነዚህ ሁለቱ የተዘጋጁት በሌላ ስጋት ምክንያት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዩጋንዳ «ዩጂ99» የሚባል አዲስ የግንድ ዋግ ተገኝቶ የዓለም የስንዴ ተመራማሪዎችን አስደንግጦ ስለነበር፣ የሚቋቋሙት ዝርያዎች በቁሉምሳና በሌሎች ማዕከላት እየተፈተኑ በበጋ በመስኖ ጭምር እየተባዙ ነበር።

በመስኖ ማባዛት ለምን እንዳስፈለገ ለማየት ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሔክታር ስንዴ ለመዝራት ወደ 150 ኪሎ ዘር ይፈልጋል። ከአንድ ሔክታር 30 ኩንታል ቢገኝና አንዲት ፍሬ ሳትበላ ሁሉም ለዘር ቢቀመጥ፣ በሚቀጥለው ወቅት 20 ሔክታር ይዘራል። በሦስተኛው ወቅት 400፣ በአራተኛው 8,000 ይሆናል። የአርሲ ስንዴ ግን ከመቶ ሺህ ሔክታር በላይ ነው። በዓመት አንድ መኸር ብቻ ከተጠበቀ፣ ወረርሽኙ በገባበት ቀን ከምርምር ጣቢያ የወጣ ዘር ለተራው ገበሬ የሚደርሰው ልጁ ፊደል ቆጥሮ ክፍል ሲቀያይር ነው። በበጋ በመስኖ አንድ ጊዜ ከተጨመረ ጊዜው በግማሽ ያጥራል። ስለዚህ በመስከረም 2003 ዓ.ም. ገበሬውን ለማዳን የሚያስፈልገው ሥራ ከዚያ ሦስትና አራት ዓመት በፊት መጀመር ነበረበት፤ የዳነውም ቀድሞ ስለተጀመረ ነው። ደስ የሚለው ነገር ገበሬውም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የዲገሉ ዘር ያለው ለጎረቤቱ፣ ለአማቹ፣ ለአበ ልጁ እያካፈለና እየለወጠ ከመንግሥት መዋቅር ፈጥኖ አሰራጨው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የድል ታሪክ ይሆን ነበር። አላበቃም። ዲገሉ ያዳናቸው ሰዎች ሁሉ ዲገሉን ዘሩ፤ እኔም በቦታቸው ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ በአርሲና በባሌ የኩብሳን ቦታ ዲገሉ ወረሰ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት መጣ፤ ዲገሉን ለይቶ የሚያጠቃ ስለነበር በኋላ በተመራማሪዎች ዘንድ «የዲገሉ ዋግ» እስከመባል ደረሰ። ከባሌ ተነስቶ አርሲ ደረሰ፤ በአንዳንድ ማሳዎች ላይ አንድም ፍሬ አልተረፈም። የግንድ ዋግ ከቢጫው ይከፋል፤ ስንዴው ፍሬ ሊይዝ ሲል ግንዱን ቆርጦ ይጥለዋል፤ ገበሬው ለአጨዳ ሲዘጋጅ ማሳው ይጠቁራል።

ይህ አዲሱ ዋግ ዓለም ሲጠብቀው የነበረው ዩጂ99 አልነበረም። ከሌላ ዘር የመጣ ነበር። አጥሩ በአንድ በኩል ሲጠናከር በሌላ በኩል የገባ ጠላት ሆነ። ለእኔ ከሁሉ የሚያስተምረው ይህ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተሰጠው መፍትሔ ትክክል ነበር፣ ሰዎችን አድኗል፣ ሰጪዎቹም ምስጋና ይገባቸዋል። ግን መፍትሔው አንድ ብቻ ሲሆንና ሁሉም ሰው በእሱ ላይ ሲደገፍ፣ የሚቀጥለውን ወረርሽኝ በር ራሱ ይከፍታል።

ከ2006 ዓ.ም. በኋላ ቁሉምሳ ይህን በሥራ ለማረም ሞክሯል። ጥቂት ቀደም ብለው በተለቀቁት በሂዳሴና በኦጎልቾ ላይ ለሙና ዋኔ እየተጨመሩ የዝርያው ዓይነት በዛ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ቶሎ በዋግ ተሸንፈዋል፤ ግን ብዙ ስለነበሩ የአንዱ መውደቅ የአገር ውድቀት አልሆነም። የዋጉን ዓይነት በላቦራቶሪ መለየት በአምቦ ተጠናከረ። የነፋስን አቅጣጫ፣ የአየሩን እርጥበትና ማሳ ለማሳ የሚዞሩ ባለሙያዎች የሚያዩትን አንድ ላይ አገናኝቶ ዋጉ ወዴት እንደሚሄድ ከቀናት በፊት የሚናገር የማስጠንቀቂያ ሥርዓትም ከእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት፣ ከሲሚትና ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር ተዘረጋ። ገበሬው በአማርኛም በኦሮምኛም ደውሎ ምክር የሚሰማበት 8028 የሚባል የስልክ መስመርም በዚያው ዘመን ተጀመረ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የሰው ወረርሽኝ ሲመጣ አርሲ ይህን ሁሉ አልፎ ነበር።

ያን ዓመት ከረሃብ የጠበቀው ነገር ምን እንደነበር ሲታይ ከዋጉ ታሪክ ጋር ይገጥማል። አገሪቱ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያ ከውጭ ታስገባለች። ግዢው የሚጀመረው ከመዝሪያው ወራት አስቀድሞ ስለሆነ የ2012 ዓ.ም. ማዳበሪያ የታዘዘው በሽታው ሳይሰማ ነው። የሰው ማመላለሻ ሲታገድ ጭነት መኪና አልታገደም፤ እርሻም አልተከለከለም። በጅቡቲ መስመር የሚሄዱ ሾፌሮች በሽታ ያመጣሉ ተብለው ሲፈሩና በየኬላው ሲመረመሩ ጉዞውን አላቆሙም። የበቆጂው ገለማ ዩኒየንና የሔጦሳ ዩኒየን መጋዘኖች ነበሩ፤ መሠረታዊ ማኅበራቱ ነበሩ። በወረርሽኙ ወር የተቋቋመ አንድም ነገር አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ ያሻገረው የነበረው ነው። በአዋጁ ጊዜ እርሻ እንዲቀጥል መደረጉን ከዚያ ዓመት ውሳኔዎች ሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ። በሌሎች አገሮች ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ሲዘጋ ሠራተኛው በእግሩ ወደ መንደሩ ሲሄድ፣ አትክልቱም ማሳ ላይ ሲበሰብስ አይተናል።

የተጎዳው ግን ነበር። የሕዝብ ማመላለሻ መታገዱ በወረቀት ላይ የሰውን ጉዞ ብቻ የሚነካ ይመስላል። በአርሲ ግን ሁለት ጆንያ ድንች ወይም አንድ ቅርጫት ሽንኩርት ይዛ ወደ አሰላ ገበያ የምትሄድ ሴት የምትሳፈረው በዚያው ሚኒባስ ነው። ጭነት መኪና የሚከራየው ነጋዴ ነው። ስለዚህ እገዳው ነጋዴውን አልፎ እሷ ላይ አረፈ። ማመላለሻው ሲፈቀድም በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ ነበር። የቢራ ገብስ የሚያመርተው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት። መጠጥ ቤቶች ሲዘጉ የቢራ ሽያጭ ቀነሰ፤ ገብሱን ለብቅል ብቻ አስቦ የዘራ ገበሬ ገዢው አንድ ዓይነት ብቻ መሆኑ ያኔ ታወቀው። ኩብሳ በማሳ ላይ ያስተማረውን እዚህ ገበያ ላይ እናገኘዋለን፤ አንድ ዝርያ ብቻ መዝራትና ለአንድ ገዢ ብቻ መዝራት የሚያመጡት አደጋ ያው ነው። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለዚህ ደጋ ትልቅ በረከት ነው፤ ግን ከብቅል ገብስ ጎን ለቤቱ የሚበቃ የምግብ ገብስ፣ ባቄላ ወይም ተልባ የዘራ ገበሬ በዚያ ዓመት የተሻለ ተኝቶ ማደሩን መገመት አያስቸግርም።

ወንፈልና ደቦም ተነካ። አጨዳው፣ አረሙ፣ ውቂያው በጋራ የሚሠራበት አገር ላይ «አትሰብሰቡ» የሚለው ትእዛዝ ጉልበት የሌለውን ቤት ነው የሚመታው። ልጆች ያሏት እማወራ፣ በሬ የሌላት፣ መሬቷን ለእኩል አራሽ የምትሰጥ ሴት፣ ለእርሷ ደቦው ወይም አራሹ ካልመጣ መሬቷ ጦሙን ያድራል። ይህች ሴት በካዱም ዘመን፣ በ2002 ዓ.ም. የመድኃኒት ሰልፍም ከኋላ ነበረች።

እንደዚህች ሴት ስላሉ ቤተሰቦች አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በምግብ እጥረት በሚታወቁ ወረዳዎች ለድሃ ቤተሰቦች በየዓመቱ እህል ወይም ገንዘብ ይሰጣል፤ በአርሲም እንደ ዝዋይ ዱግዳ ያሉ ቆላማ ወረዳዎች አሉበት። ኮሮና ሲመጣ ሰው እንዳይሰበሰብ ተብሎ ለክፍያው የሚሠራው የማኅበረሰብ ሥራ ሲቀር ክፍያው እንዲቀጥል ተደረገ። በዚያ ወቅት በኢትዮጵያ ገጠር በስልክ በተደረገ ጥናት፣ በፕሮግራሙ ውስጥ የሌሉ ቤተሰቦች ላይ የምግብ ዋስትና መጓደል በ11.7 የመቶኛ ነጥብ ሲጨምር በፕሮግራሙ ውስጥ ባሉት ላይ የጨመረው በ2.4 ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ያመጣው በመጋቢት የተጻፈ አዲስ መዝገብ አይደለም። ልዩነቱ የመጣው ስማቸው ቀድሞ ስለተመዘገበ፣ ክፍያ የሚያደርሰው ሰው ስለታወቀ፣ ቀበሌውም ማን ማን እንደተቸገረ ስለሚያውቅ ነው። ሴፍቲኔቱ ለሰው የሚሠራው ካካባና ዳንዳአ ለስንዴ የሠሩትን ነው፤ ቀድሞ ተባዝቶ መጋዘን የገባ ዘር።

ታዲያ ለሚቀጥለው ምን ይደረግ? ሁለት ነገር ደፍሬ እላለሁ።

የመጀመሪያው ስለ ዘር ነው። ኢትዮጵያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን የእህል መጠባበቂያ ክምችት አላት። ለዘር ግን ያን ያህል የታሰበበት አይመስለኝም። በስንዴ ብቻ እንኳ ቢያንስ ሦስት አራት የተለያየ ደም ያላቸው ዝርያዎች፣ ገበሬው ገና ያልጠየቃቸውም ቢሆኑ፣ በየዓመቱ በመስኖ እየታደሱ በአርሲና በባሌ መጋዘኖች ሊቀመጡ ይገባል። ዘር ቆይቶ አይኖርም፤ በየጊዜው መዘራትና መታደስ አለበት። ማንም ያልጠየቀውን ዘር በየዓመቱ ማባዛት ለበጀት ሰው ብክነት ይመስለዋል። ዲገሉ ከ1997 እስከ 2002 ዓ.ም. ባይቀመጥ ኖሮ ግን በ2003 ዓ.ም. የአርሲ ገበሬ ምን ይዘራ ነበር?

ሁለተኛው ስለ ገንዘቡ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። በሐምሌ የተለቀቀ የአደጋ ጊዜ ገንዘብ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ እስኪደርስ የአርሲ ስንዴ ተዘርቶ ቅጠል አውጥቷል። ለእህል እርዳታ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ለዘር፣ ለማዳበሪያ ዱቤና ለበሬ ኪራይ ግን ዓመት ያስዘልላል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ሊያወጡት የሚችሉት፣ ትንሽም ቢሆን የተለየ የመዝሪያ ወቅት ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል፤ ከእሱም የመጀመሪያው ክፍል በሬ ለሌላቸውና መሬታቸውን በእኩል ለሚሰጡ ቤቶች የእርሻ ኪራይ እንዲሆን በመመሪያ ቢታሰር። የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እነማን እንደሆኑ ያውቃል። ስማቸውን በጥር ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ በመጋቢት የሚመጣው በሽታ የሰውም ይሁን የከብት ወይም የስንዴ፣ በሰኔ መሬታቸው ይታረሳል።